ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ግጥም የሌለው አልበም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ምን ይዞ ይመጣል? ከሽዋመንዲንገን እስከ ጄኔቫ፣ ከበገና እስከ ኤሌክትሪክ ጊታር

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በዙሪክ ሰሜናዊ ጠርዝ፣ ሽዋመንዲንገን በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተፈልቷል። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡት እናቱ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው ሁለተኛውን ይቀዳሉ። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ከውጭ ግን ይህ ነው የሚባል ድምፅ አይገባም። በዚህ አገር እሑድ የዝምታ ቀን ነው። ግድግዳ የሚሰረስር የለም፤ ሣር የሚያጭድ የለም።

ወዳጄ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጎ አንድ አልበም ከፈተ። መጀመሪያ ጊታር ብቻውን ገባ። ጥቂት ድምፆችን ይነካል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይነካል። ሌላ ጊታር ከኋላ ተከተለው። ቤዙ ቀስ ብሎ ከሥር ደገፈ። ደቂቃዎች አለፉ። ቫዮሊን መጣ፤ ከበሮው ሲምባሉን እየዳሰሰ ተነሣ። እናቱ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መልሰው ወደ ድምፅ ማጉያው ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?»

«ዘፋኝ የለውም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ የሚጫወቱት ምን ሊሉ ነው?»

የእኚህ እናት ጥያቄ ከብዙ የሙዚቃ ሐያሲ ጥያቄ ይበልጣል። እኛ ዘፈንን በግጥሙ የምንመዝን ሕዝብ ነን። ስንኙ ካልያዘን ዜማው ብቻውን አያቆመንም። አዝማሪ ቤት ገብተን የምንጠብቀው ቅኔውን ነው፤ ካሴት ገዝተን የምንከራከረው «ይህን ለማን ብሎ ነው?» በሚል ነው። ግጥም የሌለውን ሙዚቃ ደግሞ ባንድ ላይ «ክላሲካል» ብለን ጠርተን ለዜና መግቢያ፣ ለማስታወቂያ ማጀቢያ፣ ለሰርግ ምሳ ሰዓት እንተወዋለን። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው በዚህ ልማድ ላይ ነው። ቃል የሌለው አልበም ዘፋኝ የጎደለው ዘፈን አይደለም። ራሱን የቻለ ንግግር ነው፤ የመስማት ጥበቡም በቤታችን ያለ፣ ግን ችላ ያልነው ጥበብ ነው።

የጠፈር ድንጋይ ስም የያዘ አልበም

ያን ዕለት የተከፈተው አልበም «ጎሌቭካ» ይባላል። የሠራው ዘ ኤቭፓቶሪያ ሪፖርት የተባለ፣ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪው የስዊዘርላንድ ክፍል የወጣ ባንድ ነው፤ ዘመኑ 2005 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባንዱ ያሳተማቸው ሙሉ አልበሞች ሁለት ናቸው፤ ሁለተኛው «ማር» በ2008 ወጣ። «ማር» ላይ ያሉት ሥራዎች አራት ብቻ ሲሆኑ አራቱ አንድ ሙሉ አልበም ይሞላሉ።

ስሞቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ኤቭፓቶሪያ በክሪሚያ የምትገኝ ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ ወርዱ 70 ሜትር የሆነ ግዙፍ የሬዲዮ አንቴና አለ፤ በ1999 እና በ2003 ከምድር ወደ ሩቅ ከዋክብት መልእክት ተልኮበታል። ጎሌቭካ ደግሞ በ1991 የተገኘች፣ በፀሐይ ዙሪያ የምትዞር ትንሽ የጠፈር ድንጋይ ናት። በ1995 በምድር አቅራቢያ ስታልፍ በራዳር ካጠኗት ጣቢያዎች መካከል በአሜሪካ ጎልድስቶን፣ በክሪሚያ ኤቭፓቶሪያ፣ በጃፓን ካሺማ ይገኙበታል፤ ስሟም ከሦስቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥሞ ተሠራ።

ይህች ድንጋይ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ሌላም ቦታ አላት። የፀሐይ ሙቀት አንድን የጠፈር ድንጋይ አሙቆ፣ ሙቀቱ ተመልሶ ሲወጣ ድንጋዩን በጥቂቱ እንደሚገፋው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይገመት ነበር። ግፊቱ በዓይን የማይታይ፣ በዕለት የማይለካ ነው። በ2003 ተመራማሪዎች የጎሌቭካን መንገድ ሲለኩ፣ በ12 ዓመት ውስጥ ከተጠበቀው ቦታ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብላ አገኟት። ግምቱ በመለኪያ የተረጋገጠው ያኔ ነው።

አልበሙን ከልብ ያዳመጠ ሰው ስሙ ለምን እንደተመረጠ ይገባዋል። ሙዚቃው የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ግፊት ነው። «ታይጂን ክዮፉሾ» የተባለውን ሥራ እንውሰድ። ርእሱ በጃፓን የሥነ ልቦና ሕክምና ሰው ፊት የመቅረብ ብርቱ ፍርሃት የሚጠራበት ስም ነው። ሥራው ሲጀምር ጊታሩ ንጹሕ ነው፤ ዲስቶርሽን አልተጨመረበትም። ያው ሐረግ ይደጋገማል። በእያንዳንዱ ዙር ግን አንድ ትንሽ ነገር ይለወጣል፤ ወይ ከበሮው አንድ ምት ይጨምራል፣ ወይ ቫዮሊኑ አንድ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ወይ ሁለተኛው ጊታር ያንኑ ሐረግ በፍጥነት እያንቀጠቀጠ ይደርበዋል። አድማጩ ለውጡን አያስተውልም። ድንገት ሁሉም መሣሪያ ባንድ ላይ ሲነሣ ግን ከጀመረበት ቦታ እጅግ ርቆ ራሱን ያገኘዋል። ደረት የሚሞላው ያ ቅጽበት ብቻውን ተቆርጦ ቢሰማ ጩኸት ነው። ትርጉም የሚሰጠው ከእሱ በፊት ያለው ትዕግሥት ነው።

ፖስት ሮክ ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህ የሙዚቃ ዓይነት በዓለም የሚታወቀው ፖስት ሮክ በሚል ስም ነው። ስሙን ያስለመደው እንግሊዛዊው የሙዚቃ ጸሐፊ ሳይመን ሬይኖልድስ ሲሆን ዘመኑም 1994 ነው። አሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሮክ ባንድ የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች፣ ማለትም ጊታር፣ ቤዝና ከበሮ፣ ሮክ ላልሆነ ዓላማ ዋሉ። ጊታሩ የዘፈኑ ጀግና መሆኑ ቀርቶ ቀለምና ሸካራነት ማምጫ ሆነ።

መንገዱን ቀድመው የጠረጉ ነበሩ። የእንግሊዙ ቶክ ቶክ በሬዲዮ በሚወደዱ ዘፈኖች ከታወቀ በኋላ በ1988 እና በ1991 ባወጣቸው ሁለት አልበሞች ዝምታን ራሱን እንደ መሣሪያ ተጠቀመበት። በዚያው በ1991 የአሜሪካው ስሊንት «ስፓይደርላንድ»ን አወጣ፤ ሹክሹክታና ጩኸት ጎን ለጎን የቆሙበት አልበም ነው። ከዚያ በኋላ የቺካጎው ቶርተስ፣ የስኮትላንዱ ሞግዋይ፣ የካናዳው ጎድስፒድ ዩ! ብላክ ኤምፐረር እና የቴክሳሱ ኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይ ዘይቤውን ዛሬ በምናውቀው መልክ አስፋፉት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዘፋኝ የሌላቸው ናቸው፤ ቃል ካለም በሩቅ የሚሰማ ቃለ መጠይቅ፣ የሬዲዮ ድምፅ፣ ወይም ስብከት ነው።

የተለመደው ዘፈን መግቢያ፣ አዝማች፣ ስንኝ፣ አዝማች እያለ ይሄዳል። አድማጩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የት እንደሚደርስ ያውቃል፤ አዝማቹ ሲመለስም አብሮ ያዜማል። ፖስት ሮክ ይህን ውል ያፈርሳል። አዝማች የለም። ዜማው እንደ መንገድ ወደፊት ብቻ ይሄዳል። ዲሌይ የተባለው መሣሪያ አንዱን የጊታር ድምፅ እየደጋገመ ይመልሰዋል፤ ሪቨርብ ደግሞ ድምፁ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ አንድ ጊታር የአምስት ጊታር ያህል ቦታ ይይዛል።

ዘይቤው ጉድለትም አለው፤ ወዳጁ ነኝና ልናገረው። ከ2000 በኋላ «ቀስ ብሎ መጀመር፣ ከፍ ብሎ መጨረስ» የተባለው አካሄድ ቀመር ሆነ። ገና ጊታሩ ሲጀምር ፍንዳታው ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሚመጣ የሚታወቅባቸው አልበሞች በዙ። ፊልሞችና ማስታወቂያዎችም ስሜት በቀላሉ ለመቀስቀስ ተጠቀሙበት። «ጎሌቭካ»ም ከዚህ ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። የሚያድነው ሁለት ነገር ነው፦ ወደ ላይ ለመውጣት አለመቸኮሉ፣ እና ቫዮሊኑ ከጊታሮቹ ጋር ተፎካካሪ ሳይሆን እንደ ሰው ድምፅ በመሃላቸው መቆሙ። እናቱ ዘፋኝ የጠበቁት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ቫዮሊኑ የዘፋኙን ቦታ ይዞ ነበር።

ሽዋመንዲንገን፣ የሚሰማበት ቦታ

ሙዚቃ ቦታ አለው። ይህን አልበም ሽዋመንዲንገን ውስጥ መስማት የራሱ የሆነ ጣዕም አለው።

ሽዋመንዲንገን እስከ 1934 ድረስ ለብቻዋ የቆመች የገበሬ መንደር ነበረች፤ በዚያ ዓመት ወደ ዙሪክ ከተማ ተጠቃለለች። ዛሬ 12ኛው ክፍለ ከተማ ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የከተማው ዋና አርክቴክት አልበርት ሃይንሪሽ ሽታይነር ሰፈሩን እንደ አትክልት ከተማ ነደፈው፤ ዝቅ ያሉ ረድፍ ቤቶች፣ በመካከላቸው ሰፋፊ ሣር። ኪራዩ ከመሃል ከተማው ይቀል ስለነበር ሠራተኛውና ከውጭ የመጣው ሰው በዚህ ከተመ። መጀመሪያ ጣልያኖች፣ ቀጥሎ ከባልካን፣ ከቱርክ፣ ከስሪላንካ፣ ከአፍሪካ ቀንድ። በዋናው አደባባይ ትራም ሲጠብቁ ትግርኛና አማርኛ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1980 ግን አንድ አውራ ጎዳና ሰፈሩን ለሁለት ሰነጠቀው። ውሎ አድሮ በቀን ከ100,000 በላይ ተሽከርካሪ በመኖሪያ ቤቶች መስኮት ሥር ያልፍ ጀመር። ነዋሪው ለዐሥርተ ዓመታት ጮኸ፣ ፊርማ አሰባሰበ፣ ድምፅ ሰጠ። በመጨረሻ ጎዳናው ባለበት ተሸፈነ። አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የኮንክሪት ጣሪያ ተሠራለት፤ ከመሬት ሰባት ሜትር ያህል ከፍ ባለው በዚያ ጣሪያ ላይ መናፈሻ ተተክሎ በ2025 ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ልጆች ብስክሌት በሚነዱበት አፈር ሥር ያ ሁሉ መኪና አሁንም ይጎርፋል። ከላይ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው ግን የልጆቹን ጫጫታና የንፋሱን ድምፅ ነው።

ትራሙም እንዲሁ ነው። ዙሪክ የምድር ባቡር ልትሠራ አቅዳ ነበር፤ በ1973 ሕዝቡ በድምፁ እንቢ አለ። ለምድር ባቡሩ ታስቦ መቆፈር የተጀመረው ዋሻ ግን አልተተወም፤ በ1986 ትራም እንዲገባበት ተደረገ። ዛሬ 7 ቁጥርና 9 ቁጥር ትራሞች ከሚልክቡክ ተነሥተው መሬት ውስጥ ይገባሉ፣ ሦስት ጣቢያዎችን ያልፋሉ፣ ሽዋመንዲንገን ላይ ወደ ብርሃን ይወጣሉ። ከሥራ ማታ ስመለስ ጆሮዬ ላይ ያለው ሥራ ዋሻው ውስጥ ጀምሮ አደባባዩ ላይ ይደርሳል። ግጥም ቢኖረው ኖሮ ስለ ሌላ ሰው ፍቅር፣ ስለ ሌላ ሰው መለየት ይነግረኝ ነበር። ቃል ስለሌለው የቀኑን ድካም፣ ያልተላከውን ገንዘብ፣ አገር ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ያለ ክርክር ያስገባል።

ስደተኛ ለዚህ ሙዚቃ ጆሮ የሚከፍትበት ምክንያት አንዱ ይህ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ቋንቋ ሲተረጉም የዋለ አእምሮ፣ ሥራ ቦታ በጀርመንኛ፣ ከጎረቤት ጋር ዙሪኮች በሚናገሩት ዘዬ፣ ከልጁ ጋር በተቀላቀለ ቋንቋ ሲታገል የዋለ ሰው፣ ማታ ላይ ቃል የማይጠይቀው ድምፅ ሲያገኝ ያርፋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጎረቤት መረበሽ ክልክል ነውና ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ይቀመጣል። ያኔ በሙሉ ልብ ያዳምጣል።

«ይሄማ ሽለላ ነው!»

ቡናው ወደ ተፈላበት ቤት እንመለስ። ሦስተኛው ሲቀዳ ወዳጄ አልበሙን ቀየረና ጌታቸው መኩሪያን ከፈተ። ሳክስፎኑ ገና ሁለት ሐረግ ሳያወጣ እናቱ ቀና አሉ። «ይሄማ ሽለላ ነው!» ፊታቸው በራ። ዘፋኙ መቼ እንደሚገባ አልጠየቁም።

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 የተወለደ፣ በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ በማዘጋጃ ቤት ባንድ ክላርኔትና ሳክስፎን ያነሣ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ የተጫወተ ሰው ነው። ትልቁ ሥራው ሽለላንና ፉከራን ከአፍ ወደ ሳክስፎን ማዛወሩ ነው። ሸላይ ድንገት አይጮህም። ድምፁን ያነሣል፣ ያቆማል፣ ይንጎራደዳል፣ ራሱን ያነሣሣል፤ ምቱ በሰዓት የሚለካ አይደለም። ጌታቸው ይህን ሁሉ በትንፋሹ አወጣው። ቃሉን ተወው፤ ወኔውን አስቀረ። ቃሉ ባይኖርም ኢትዮጵያዊ አድማጭ ምን እንደተባለ ያውቃል።

በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዘው። በ2006 አብረው «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አወጡ። ሰባ ዓመት ገደማ የሆነው የሽለላ ሳክስፎኒስት ከሚያጓራ ኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ቆሞ አንዳችም የሚያፍርበት ነገር አልነበረውም፤ ቤቱ ነበር። ጌታቸው በ2016 አረፈ።

ከዚህም ወደ ኋላ ብንሄድ በገና አለን። ዐሥር አውታሮች አሉት፤ አውታሮቹ ከመቋሚያው ጋር በሚገናኙበት ቦታ እንዚራ የተባሉ ቁርጥራጭ ቆዳዎች ይገባሉ። አውታሩ ሲመታ እንዚራውን እየነካ ይንቀጠቀጣል፤ የበገናው ጥልቅና የሚነዝር ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሮክ ጊታሪስት በዲስቶርሽን የሚፈልገውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው፤ ንጹሑን ድምፅ ሸካራ ማድረግ፣ አንዱን ድምፅ በብዙ ድምፅ ማድለብ። ደርዳሪው ያንኑ አጭር ድርድር ደጋግሞ ይመታል። መደጋገሙ አድማጩን ያሰለቸዋል ብሎ የሚሰጋ የለም፤ መደጋገሙ ልብ ይሰበስባል። መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ድርድሩ ብቻውን ሲሄድ የሚቆየው ያ ጊዜ፣ የዐቢይ ጾም ማታ በገና የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ባዶ ጊዜ አይደለም።

ዘመናዊውም ሙዚቃችን ቃል አልባ አልበም አያጣም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን በኒው ዮርክ ቀረጸ፤ በአምስት ድምፅ የተዋቀሩትን ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ስምም ጋር አገናኘ። ዋሊያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር በ1977 «ቸ በለው»ን አወጣ፤ ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት»ም የዚሁ ዘመን ሥራ ነው። በሰዓት እላፊ ጊዜ ወደ ቤት መሄድ የማይቻል ስለነበር ባንዶች እስከ ንጋት ይጫወቱ ነበር፤ ረጅም ሥራ በሰው ፊት መሞከር የተቻለውም በእነዚያ ሌሊቶች ነው።

ከስዊዘርላንድ ጋር የተሳሰረው ትልቁ ስማችን ግን የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው። በ1923 በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። ገና በስድስት ዓመታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ገብሩ ጋር ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ቫዮሊንም ፒያኖም የተማሩት በዚህ አገር ነው። በ1933 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጣልያን ወረራ መጣና ከቤተሰባቸው ጋር በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። በኋላ በካይሮ ተማሩ፤ መነኑም፤ በግሸን ማርያም በባዶ እግራቸው ዓመታት ኖሩ። ፒያኖዋቸው የአውሮፓን ትምህርትና የቤተ ክርስቲያን ዜማን በአንድ እጅ ይይዛል። ቃል የለውም፤ ግን ናፍቆት፣ ጸሎትና ትዕግሥት በግልጽ ይሰማሉ። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ ዓለም አዘነ። አብዛኞቻችን ስማቸውን የሰማነው ግን ከውጭ ሰዎች ነው።

ጄኔቫ፣ መርካቶን የተጫወተች ከተማ

በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በ1990ዎቹ መጨረሻ መውጣት የጀመረው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲ የኢትዮጵያን የድሮ ሙዚቃ በአውሮፓ ሙዚቀኞች እጅ አስገባ። ጄኔቫ ውስጥ ትራምፔት ተጫዋቹ ራፋኤል አንከር በ2007 ኢምፔሪያል ታይገር ኦርኬስትራን ያቋቋመው በዚህ ማዕበል ውስጥ ነው። ባንዱ በ2011 «መርካቶ» የተባለ አልበም አወጣ፤ በ2013 ደግሞ ሁለተኛውን አልበም «ዋክስ» (ሰም) ብሎ ሰየመው፤ ስሙ የእኛኑ ሰምና ወርቅ ያስታውሳል። ከሐመልማል አባተ ጋርም በመድረክ ተጣምረው ተጫውተዋል።

«መርካቶ» አብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። የምናውቃቸው ዜማዎች አሉበት፤ ግን ዘፋኙ የለም። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ የዘፋኙን ዜማ ይዘው ይሄዳሉ፤ ኪቦርዱ የድሮውን ኦርጋን እያስታወሰ ከሥር ይንቀጠቀጣል፤ ቤዙና ከበሮው የሮክ ክብደት አላቸው። አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ኢትዮጵያዊ አፉ ላይ ግጥሙ ይመጣበታል። ከዚያ ግጥሙ ሲደክም ዜማው ይቀራል። ስንት ጊዜ ዘፍነነው ሳንሰማው የቀረ ዜማ እንደነበር ያን ጊዜ ይገባዋል። ተውሶ መጫወት ብቻ ነው ብሎ የሚያጣጥለው ይኖራል። እኔ አልስማማም። የእነዚህ ሰዎች አክብሮት በመስማታቸው ይታያል፤ ቅኝቱን ከነጠማማነቱ ይዘውታል፤ ጭብጨባውንም እንደ እስክስታ ምት ሰብረውታል።

ጄኔቫ ለዚህ ምቹ የሆነችበት ምክንያት አለ። ከተማዋ ውስጥ ሩማንያዊው ምሁር ኮንስታንቲን ብራይሎዩ በ1944 ያቋቋመው የዓለም ባህላዊ ሙዚቃ መዝገብ በኢትኖግራፊ ሙዚየሙ ውስጥ ይገኛል፤ ከዚህ መዝገብ ጋር በተያያዘው የሲዲ ተከታታይ የኢትዮጵያ የበገና መዝሙሮችም ታትመዋል። በሌላ በኩል «ሉዚን» የተባለው የሙዚቃ ማዕከል አለ፤ ቀድሞ ወርቅ የሚጣራበት ፋብሪካ የነበረ ሕንፃ ሲሆን ከ1989 ጀምሮ ወጣቶች በራሳቸው የሚያስተዳድሩት የመድረክ ቤት ሆነ። ዙሪክም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በ1980 ከተማው ለኦፔራ ቤቱ ብዙ ገንዘብ ሲመድብ ወጣቱ «ለእኛስ?» ብሎ አደባባይ ወጣ፤ ግጭቱም ከባድ ነበር። በሐይቁ ዳር ያለው «ሮተ ፋብሪክ» የተባለው አሮጌ ፋብሪካ የባህል ማዕከል ሆኖ የተከፈተው በዚያው ዘመን ነው። በሬዲዮ የማይመረጥ፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሙዚቃ የሚያድገው እንዲህ ዓይነት ጣሪያ ሲያገኝ ነው። ችሎታ ብቻውን አይበቃም፤ ቦታና ጊዜ የሚሰጠው ያስፈልገዋል።

ሰኞ ማታ በዙሪክ

ቦታና ጊዜ ሲያገኝ ለሚያድግ ሙዚቃ ምሳሌ የሚሆነው የዙሪኩ ፒያኒስት ኒክ ቤርች ነው። በ1971 የተወለደው ቤርች ሮኒን የተባለውን ባንድ በ2001 አቋቋመ። ከ2004 ጀምሮ በየሳምንቱ ሰኞ ማታ በአንድ ክለብ መጫወትን ልማድ አደረገ፤ በ2009 «ኤግዚል» የተባለው ክለብ ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ሆኖ ሲከፈት ልማዱ ወደዚያ ዞረ። ሥራዎቹ ስም እንኳ የላቸውም፤ «ሞዱል» ተብለው በቁጥር ብቻ ይጠራሉ። ፒያኖው አጭር ሐረግ ይዞ ይዞራል፤ ከበሮው በሌላ ቁጥር ይዞራል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቅጽበት ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ይነቃነቃል። ቤርች የሚጫወተው ፖስት ሮክ ነው የሚል ጥቂት ነው፤ ጃዝ የሚሉት ይበዛሉ። የመስማቱ ጥበብ ግን አንድ ነው፤ መጠበቅ፣ ትንሹን ለውጥ ማስተዋል፣ መድረሻውን ከመንገዱ አለመለየት።

በአንድ ቦታ ዓመታት ሙሉ ደጋግሞ መጫወት ለእኛ አዲስ አይደለም። ዋሊያስ በአዲስ አበባው ሒልተን ሆቴል ሲጫወት የነበረው እንዲሁ ነው። በዓመታት ድግግሞሽ የተሳለ ባንድ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ያውቃል። ቃል የሌለው ሙዚቃ ደግሞ ከዚህ መተዋወቅ ውጭ የሚደገፍበት የለውም፤ ዘፋኙ ባንዱን ሊያድነው አይችልም።

ከጆሯችን የሚጠበቀው

የእናቱ ሁለተኛ ጥያቄ «ምን ሊሉ ነው?» የሚል ነበር። መልሱ ይህ ነው፦ ቃል ያለው ዘፈን አንድ ነገር ብሎ ያሰናብተናል፤ ቃል የሌለው አልበም የምንለውን ነገር እስክናገኝ ድረስ አብሮን ይቆያል። የዚህ ሙዚቃ ማራኪነት ያለው እዚህ ላይ ነው። አድማጩን አያዝዘውም። ሐዘንተኛው ሐዘኑን፣ ደስተኛው ደስታውን ይዞ ገብቶ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣሉ። በምላሹ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ መጨረሻው መቀመጥን።

እኛ ይህን ጥበብ አጥተን አይደለም። በገናን ዝም ብሎ የሚሰማ፣ የዋሽንትን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ የሚቆም፣ በጌታቸው ሳክስፎን ወኔው የሚነሣ ሕዝብ ነን። ያጣነው ለዚህ ሙዚቃ የሚሰጥ ክብር ነው። የሬዲዮ ጣቢያዎቻችን ዋሊያስን ይከፍቱና በላዩ ላይ ማስታወቂያ ያነባሉ፤ ዜና ሲደርስ በመሃሉ ይቆርጡታል፤ ማን እንደደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው ሳይነግሩን ያልፋሉ። አንድ ትውልድ ዜማዎቹን በቃሉ ያውቃል፤ የሠሩትን ሰዎች ግን በስም አያውቅም። ለዚህም ነው የእማሆይን ፒያኖና የኃይሉን ኪቦርድ ታላቅነት አውሮፓና አሜሪካ ነግረውን የሰማነው።

ስለዚህ ለአዘጋጆችና ለጣቢያ ኃላፊዎች ያለኝ ጥያቄ ግልጽ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ስጡ። በዚያ ሰዓት በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሙዚቃ፣ የእኛም የሌላውም፣ ሳይቆረጥና ሳይነገርበት ይተላለፍ፤ ሲያልቅም የደራሲው፣ የአቀናባሪውና የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ይጠራ። ወጪው ኢምንት ነው። ለአንባቢም እንዲሁ፦ በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ስልክዎን አስቀምጠው አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይስሙ። «ጎሌቭካ» ይሁን፣ «መርካቶ» ይሁን፣ የእማሆይ ፒያኖ ይሁን፣ ምርጫው የእርስዎ ነው። ዘፋኙን አይጠብቁ። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የዘፋኙ ቦታ የተተወው ለእርስዎ ነው።